ውድ የብሎን መፍቻ የተጨመረበትን ዋጋ ያወጣል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር በየቀበሌው በወረፋ ይጠበቃል። በዚህ ወቅት ማሽኑ በማሳ መካከል ቆሞ ቢገኝ ምክንያቱ ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። ቀበቶ ለማጥበቅ ወይም የነዳጅ መስመር ለመክፈት ሲሞከር የአንድ ዳዶ ማዕዘን ተልጦ መፍቻ አልይዝ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ መሮና መዶሻ፣ ካልሆነም ብየዳ ይፈለጋል፤ ብየዳ ደግሞ ደረቅ ሰብል ባለበት ማሳ ላይ የሚደፈር ሥራ አይደለም። በመካከሉ ያልተጠበቀ ዝናብ ቢጥል የሚጎዳው የማሽኑ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሰብሉ ያልታጨደለት አርሶ አደር ጭምር ነው።

ትራክተር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የመውቂያ ማሽን ወደ ገጠር በገቡ ቁጥር የማሽኑ ኦፕሬተር፣ አንዳንድ ጊዜም አርሶ አደሩ ራሱ፣ የመፍቻ ገዢ እየሆነ መጥቷል። ከሱቅ ሲደርስ የሚገጥመው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለዓይን ተመሳሳይ ከሆኑት ሁለት መፍቻዎች የአንዱ ዋጋ ለምን የሌላው ብዙ እጥፍ ይሆናል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተሻሻለ ወዲህ የብር ምንዛሪ በእጅጉ በመቀነሱ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚከብድ ሆኗል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከብረቱና ከእሳቱ ነው። ጥሩ መፍቻ በአብዛኛው ክሮምና ቫናዲየም ከተቀላቀለበት ብረት ይሠራል። ብረቱ ግሎ በከባድ የፋብሪካ መዶሻ ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያም እንደገና እንዲግል ተደርጎ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም በመጠነኛ ሙቀት እንዲለዝብ ይደረጋል። ማረሻ የሚያሠራ አርሶ አደር ይህን ጥበብ ከብረት ቀጥቃጩ ደጃፍ ያውቀዋል። ከልክ በላይ የጠነከረ ማረሻ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል፤ በወጉ ያልጠነከረው ደግሞ ቶሎ ይዶለዱማል። መፍቻም እንደዚያው ነው። ርካሽ መፍቻ ሲሠራ ወጪ ከሚቀነስባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የእሳት ሥራ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ክፍት አፍ ጉልበት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይከፈታል፤ ጉልበቱ ሲነሳም ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል፤ ዳዶው ላይ ተንሸራትቶም ማዕዘኑን ይልጠዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ልኩ ነው። 13 ቁጥር የሚባለው ዳዶ ሁልጊዜ 13 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ እስከ 12.73 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲያንስ ይፈቅድለታል። መፍቻው ደግሞ በዳዶው ላይ እንዲገባ ከ13 በጥቂቱ መብለጥ ይኖርበታል። በጥንቃቄ የተሠራ መፍቻ ይህን ትርፍ ክፍተት ያጠበዋል። ግዴለሽ በሆነ አሠራር ግን የሁለቱ ክፍተት ይደመርና ጉልበቱ በዳዶው ጎን ላይ መዘርጋቱ ቀርቶ በማዕዘኑ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ማዕዘን የሚላጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1920 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተውና ዛሬ በውድነቱ ስሙ የሚነሳው ስናፕ ኦን ለዚህ ችግር መልስ ካበጁት አምራቾች አንዱ ነው። ኩባንያው የጀመረው 5 እጀታዎችን ከ10 ቡሶላዎች ጋር እያቀያየሩ የ50 መፍቻዎችን ሥራ መሥራት ይቻላል በሚል ሐሳብ ነበር። በኋላም የመፍቻውን ውስጠኛ ገጽ በጥቂቱ በማጉበጥ፣ ጉልበቱ ከዳዶው ማዕዘን ርቆ በጠፍጣፋው ጎን ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ አሠራር አስተዋወቀ። በእርግጥም ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን የፈጠራ መብቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ በታይዋንና በቻይና የሚሠሩ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው መፍቻዎችም ተመሳሳይ ቅርጽ ይዘው ይወጣሉ። ታይዋን ለበርካታ የምዕራብ አገር ስሞች መፍቻ ስትሠራ የኖረች አገር መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም።

ታዲያ ቀሪው ዋጋ የምን ነው? በአሜሪካ ስናፕ ኦን በአብዛኛው የሚሸጠው በሱቅ ሳይሆን ዕቃ ጭነው በየጋራዡ በቋሚነት በሚዞሩ መኪናዎች ነው። ሻጩ መካኒኩን በስም ያውቀዋል፣ በዱቤ ይሰጠዋል፣ ዋስትና ያለው መፍቻ ሲሰበር በቀጣዩ ጉብኝቱ ይቀይርለታል። እዚያ የአንድ መፍቻ ዋጋ ብቻ አንድ ሙሉ ርካሽ ስብስብ ሊገዛ ይችላል፤ መካኒኩ ግን ከብረቱ ጋር ይህን ሁሉ አገልግሎት እየገዛ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ወደ ወረዳ ከተማ አይመጣም። የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚል ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ ቢኖርም፣ የሚቀይር ወኪል በአቅራቢያ ከሌለ ለገጠሩ ጠጋኝ ከወረቀት አይበልጥም። በመሆኑም እጅግ ውድ የሆነውን ስብስብ የሚገዛ ሰው ከክፍያው ከፊሉን ለማያገኘው አገልግሎት ያውላል።

ይህ ማለት ግን ርካሹ ይበቃል ማለት አይደለም። በእርሻ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ 10፣ 13፣ 17 እና 19 አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። በእነዚህ ላይ ገንዘብ ጨምሮ የተሻለውን መግዛት ያዋጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚነሳው 27 ወይም 32 ግን መካከለኛው በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የናፍጣ ሞተር የነዳጅ መስመር ነው። ናፍጣ ጨርሶ የቆመ ሞተር ብዙውን ጊዜ አየሩ ካልወጣለት አይነሳም፤ አየሩን ለማስወጣትም ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱት ቱቦዎች ዳዶዎች ይላላሉ። እነዚህ ዳዶዎች በአብዛኛው 17 ወይም 19 ቁጥር ሲሆኑ፣ በየጊዜው ስለሚፈቱና ስለሚታሰሩ ማዕዘናቸው በቀላሉ ይጎዳል። ቱቦው በመካከላቸው ስለሚያልፍም ዝግ አፍ መፍቻ ከላይ ሊጠልቅባቸው አይችልም። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ፣ ዳዶውን ዙሪያውን ይዞ ቱቦውን ለማሳለፍ ያህል ብቻ የተሰነጠቀ መፍቻ አለ። ዳዶው ቢላጥ ቱቦው ከነዳዶው ሊቀየር ስለሚችል፣ የአንድ እንዲህ ያለ መፍቻ ዋጋ ከኪሳራው ጋር ሲነጻጸር ከባድ አይደለም።

ገበያ ላይ ጥራቱን መለየት ዋናው ፈተና ነው። ማብረቅረቁ ምስክር አይሆንም፤ የላይኛው ልባስ ከዝገት ይጠብቃል እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም። ክሮም ቫናዲየም የሚለው ማኅተምም በማንኛውም ብረት ላይ ሊታተም ይችላል። ሞረድ ቢሞከርበት ለስላሳው ብረት ይፋቃል፣ የጠነከረው ያንሸራትታል፤ ሻጭ ግን ይህን ይፈቅዳል ተብሎ አይጠበቅም። የተሻለው ዘዴ ያልተነካ አዲስ 13 እና 17 ዳዶ በኪስ ይዞ መሄድ ነው። መፍቻው ዳዶው ላይ ሲገባ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን ምን መተው ይገባል። የአፉ ሁለት ገጾች እኩልና ለስላሳ ሆነው መሞረዳቸውን፣ ዝግ አፉም በመሃል መበሳቱን ማየትም ይጠቅማል።

አያያዙም ቢሆን ከግዢው አይተናነስም። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የተለመደ ጠንካራ ብሎን በወጉ ለማጥበቅ በ25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 33 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ጎልማሳ ክንድ የሚችለው ነው። በእጀታው ላይ ቱቦ ተቀጥሎ ርዝመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ያው ጉልበት በሦስት እጥፍ ይበረታል፤ ውዱም መፍቻ ለዚህ አልተሠራም። ለዛገ ብሎን ዘይት ቀብቶ መታገስ፣ ከዚያም ቡሶላን ከረጅም እጀታው ጋር መጠቀም ይሻላል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ የተሠሩ የቀድሞ ትራክተሮችን የሚጠግኑ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቃቸዋል፤ ብዙዎቹ ብሎኖቻቸው በኢንች የተለኩ ናቸው። የ3/4 ኢንች ዳዶ 19.05 ሚሊ ሜትር በመሆኑ 19 ቁጥር ሊይዘው ይችል ይሆናል። የ1/2 ኢንቹ ግን 12.7 ስለሆነ 13 ቁጥር ይላላበታል፤ የ9/16 ኢንቹ 14.29 በመሆኑ 14 አይገባበትም፣ 15 ደግሞ ይልጠዋል። እንዲህ ያለ ትራክተር ያለው ሰው ከውዱ የሚሊ ሜትር ስብስብ በፊት አራት ወይም አምስት መካከለኛ የኢንች መፍቻዎችን ቢገዛ ይጠቀማል።