ሰሊጥ ሁለት ዓመት አይጠብቅም

መስከረም ሲጋመስ በአብደራፊ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ሰሊጡ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል? የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ደርሷል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ባለማሳው ያለው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። በእነዚህ ቀናት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ካልቆመ ዘሩን የያዘው ፍሬ አፉን ከፍቶ ያፈሰዋል። የፈሰሰው ሰሊጥ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል እንጂ ተለቅሞ ገበያ አይወጣም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ደግሞ ሌላ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ክልሎች በወሰን ጉዳይ ራሳቸው መስማማት ካቃታቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል ይላል። ሁለት ሳምንትና ሁለት ዓመት። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ኢኮኖሚ የተጨነቀው በእነዚህ ሁለት ቀጠሮዎች መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። በምዕራብ ሱዳን፣ በሰሜን ማይካድራና ሁመራ ይጎራበቷታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ በአንድ ምድብ ስም ሲገበያይ ኖሯል። ለደረጃ መዳቢው ሁለቱም ነጣ ያለ፣ ቻይናና እስራኤል የሚፈልጉት ሰሊጥ ነው። ገበያው በአንድ ጆንያ የከተተውን ፖለቲካው ግን በሁለት ካርታ ይከራከርበታል።

ክርክሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መሬቱ የማን አስተዳደር እንደሆነ ያልታወቀለት ገበሬ የረዥም ጊዜ ብድር አይወስድም፣ ባንኩም አያበድረውም። ማንነቱ ያልተከበረለት ሰው በሰላም አያርስም። ችግሩ የማንነትና የወሰን ጥያቄ መነሣቱ ሳይሆን መድረኩን ሁሉ መያዙ፣ ያውም በአጨዳ ሰሞን መያዙ ነው።

ቀኖቹን መመልከት ይበቃል። በያኔው ሰሜን ጎንደር ዞን በ8 ቀበሌዎች ከቅማንት የራስ አስተዳደር ጋር የተያያዘው ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው መስከረም 7 ቀን 2010 ነበር። 7ቱ ቀበሌዎች በነባሩ አስተዳደር ለመቆየት፣ 1ዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመግባት መረጡ። ድምፁ ተቆጠረ፣ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። በ2011 ዓ.ም. በጭልጋና በመተማ አካባቢ በተነሡ ግጭቶች ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የጎንደር–መተማ መንገድም በተደጋጋሚ ተቋረጠ።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ለአጨዳ የወረደው ሠራተኛ ገና ከቆላው አልወጣም ነበር። ከቀናት በኋላ በማይካድራ ከተገደሉት ሲቪሎች መካከል ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው በኅዳርና በታኅሣሥ 2013 የሱዳን ጦር በአልፋሽቃ ኢትዮጵያውያን ለረዥም ዓመታት ያርሱት የነበረውን ሰፊ መሬት ያዘ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲወጣም በቆላው የእርሻ ሥራው በተጧጧፈበት ወቅት ነበር።

ይህ ሁሉ በነጋዴው መዝገብ ላይ ምን ይሆናል? ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ሄክታር የያዘ ባለሀብት በሄክታር 4 ኩንታል አገኘ እንበል፤ 400 ኩንታል ነው። ለኪራይ፣ ለትራክተር፣ ለዘርና ለአረም የሚወጣው ገንዘብ ነሐሴ ላይ ወጥቶ አልቋል። አጨዳው ሲጨመርና ብድሩ ከነወለዱ ሲመለስ የ320 ኩንታል ሽያጭ ይበላል እንበል። ትርፉ ያለው በቀሪው 80 ኩንታል ላይ ነው። መንገድ ተዘግቶ ሠራተኛ ቢዘገይና ከምርቱ አንድ አምስተኛው ቢረግፍ፣ የረገፈው ያው 80 ኩንታል ነው። ሠራተኛ በማነሱ የአጨዳ ዋጋ ሲንር ደግሞ ሰውየው ዕዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ሳምንት ማለት ይህ ነው።

ቀደም ሲል ይህን ጉድለት የሚሸፍን ነገር ነበር። የውጭ ምንዛሪ በተወደደባቸው ዓመታት ብዙ ላኪዎች ሰሊጥን በኪሳራ ጭምር ይልኩ ነበር። በዶላሩ የሚያስገቡት ዕቃ ኪሳራውን ያካክስላቸዋልና። በዚህም የተነሣ የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለም ገበያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ያ ሒሳብ ተለወጠ። የሰሊጥ ትርፍ ከእንግዲህ መፈለግ ያለበት በማሳውና በመንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የሚባክን ሳምንት ዱሮ ከሚጎዳው የበለጠ ይጎዳል።

ታዲያ ፖለቲከኛው ይህን ለምን አያስቀድምም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አያውቁትም» የሚል ነው። ነገር ግን በቆላው ያደገ የወረዳ ሹም ሰሊጥ መቼ እንደሚረግፍ ከማንም በላይ ያውቃል። ምክንያቱ ሌላ ነው። የማንነት ጥያቄ በአንድ ስብሰባ ጭብጨባ ያስገኛል። የሥራ ጥያቄ ግን በጀት ይጠይቃል፣ ዓመት ይፈጃል፣ በመጨረሻም ስንት ሰው ተቀጠረ ተብሎ ይቆጠራል። ማንስ ሊቆጠርበት ይወዳል?

ከዚህ የከበደ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የቢል ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ኢኮኖሚውን ዋና መፈክሩ አድርጎ ሲያሸንፍ፣ ሥራ ያጣው አሜሪካዊ በሚኖርበት ከተማ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። በአብደራፊ ግን በሰሊጡ የሚተዳደረው ሰው አብዛኛው የሌላ ቦታ ነዋሪ ነው። የምርጫ ሕጉ መራጭ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ይህን አያሟላም። ላኪው አዲስ አበባ ነው፣ አቅራቢው ጎንደር፣ አበዳሪው ባንክም ውሳኔውን የሚሰጠው ከዋና መሥሪያ ቤቱ ነው። የአስተዳደር ጥያቄው ድምፅ ያላቸው ነዋሪዎች አሉት። የሥራው ጥያቄ ግን ያለው ሠራተኛና ነጋዴ ብቻ ነው፤ እነሱም ድምፃቸው ሌላ ቦታ ነው።

የዚህ ውጤት በሠራተኛው አካል ላይ ሳይቀር ይታያል። በአካባቢው ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፍ ሥር በምትኖር ጥቃቅን ዝንብ ነው። ማታ ማታ ሜዳ ላይ የሚያድረው የወቅት ሠራተኛ ዋና ተጠቂ ሲሆን፣ ካልታከመ ይገድላል። በአብደራፊ ለበርካታ ዓመታት ሕክምናውን ሲሰጥ የነበረው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ነው። ስለ ማንነት ብዙ በተነገረበት ምድር ሠራተኛው በአጎበር ውስጥ የሚያድርበት ዳስ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በጥራት የተወሰነ ነገር የለም። ማኅበራዊ ጉዳይ ከተባለ ከዚህ የበለጠ ማኅበራዊ ጉዳይ የለም። የሥራም ጉዳይ ነው፤ በጤናው የፈራ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህም ቃል አለው። አንቀጽ 39 በየመድረኩ የሚጠቀሰውን ያህል የሚጠቀስ አንቀጽ የለም። ከእሱ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያለው አንቀጽ 41 ግን መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ ለመፍጠር የሚያስችል ፖሊሲ እንዲከተልና ዜጎች ጠቃሚ ሥራ የሚያገኙበትን ዕድል እንዲያሰፋ ያዝዛል። በአንቀጽ 39 ስም ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ሰልፍ ተወጥቷል። በአንቀጽ 41 ስም ሰልፍ የወጣ ሰው አልታየም።

የመተማን ስም ሁሉም የሚያስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ግን መተማ በሁለቱ አገሮች ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀች ትልቅ ገበያ ነበረች። ቦታው ጦር ሜዳ ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። ገበያው ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በአካባቢው ታሪክ ውስጥ በበቂ ሁኔታ ተጽፏል።

ነጋዴውም ሆነ ባለሀብቱ የወሰን ክርክር ዛሬውኑ ይለቅ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ሊጠይቅ የሚችለው ሌላ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ድምፅ አሰጣጥ፣ የመዋቅር ለውጥ፣ መንገድ የሚያዘጋ ስብሰባ አይያዝ። ማሳው የማንም ይባል የማን፣ የዘራው ሰው ያጭድ። የሠራተኛው መንገድና ሕክምና የትኛውም ወገን የማይነካው ይሁን። ይህ ከማንም ማንነት አይቀንስም፣ የማንንም ካርታ አይለውጥም፣ ገንዘብም ቢሆን ብዙ አያስወጣም።

እስከዚያው ድረስ የዘንድሮን ሰሊጥ ዋጋ ለመገመት የሚፈልግ የሻንጋይን ወሬ ብቻ ባይጠብቅ ይሻለዋል። ከጎንደር በሳንጃና በአብርሃጅራ አድርጎ ወደ አብደራፊ የሚወርደው የሠራተኛ መኪና በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት መንገድ ላይ መሆኑን ይጠይቅ። መኪናው ከቆመ ዋጋው የሚወሰነው እዚያው በቆመበት ቦታ ነው።