ሳይታመሙ የሚመረመሩት ካንሰር

ወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ያለፋቸው እናት ድንገት ደም ሲያዩ «ተመልሶ መጣ» ብለው ዝም ይላሉ። ወጣቷ ሚስት ከባሏ ጋር ከተገናኘች በኋላ የምታየውን ደም ለእናቷም ለእህቷም መናገር ታፍራለች። ደሙ ሲደጋገም ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ትቀራለች፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ ከቡና ጠጡም ከዕድሩም ትርቃለች። ሐኪም ፊት የምትቀርበው ሕመሙ ወገቧን ቀስፎ ሲይዛት ወይም እግሯ ሲያብጥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የማህፀን በር ካንሰር በዚህ ዝምታ ብዙ እናቶችን ወስዶብናል። የሚያስቆጨው፣ ይህ ካንሰር ደም ከማሳየቱ በፊት ለዓመታት ሊደረስበት የሚችል መሆኑ ነው።

በሴት የመራቢያ አካላት ላይ የሚነሱት ዋና ዋና ካንሰሮች አምስት ናቸው። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር በብዛት የሚታየው ከማረጥ በኋላ ሲሆን፣ በደም መፍሰስ ራሱን ቶሎ ያጋልጣል። የእንቁላል ማምረቻ ወይም የኦቫሪ ካንሰር ግን ድብቅ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ ይመጣል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ሁሉም የጨጓራ ወይም የሌላ ሕመም ይመስላል። ለጤነኛ ሴቶች የሚሆን አስተማማኝ የቅድመ ምርመራ ዘዴም እስካሁን አልተገኘለትም። በብልት ውስጠኛውና ውጫዊው ክፍል የሚነሱት ሁለቱ ብዙም አያጋጥሙም፤ ሆኖም የማይለቅ ማሳከክና የማይድን ቁስል ችላ መባል የለበትም። አምስተኛው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 350,000 ያህል ሴቶችን ገድሏል።

መንስኤው በደንብ ይታወቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን በሽታውን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ መሆኑን በማሳየታቸው በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16 እና 18 ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች ለ7ቱ ያህል ተጠያቂ ናቸው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው፣ ወንድም ሴትም፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም፤ አንዲት ሚስት በባሏ ላይ፣ ባልም በሚስቱ ላይ ጣት የሚቀስርበት ምክንያት የለም። በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይከርምና የማህፀን በር ሴሎችን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ግን አደጋዋ ስድስት እጥፍ ነው፤ ሕክምና ካልጀመረች ጊዜውም በጣም ያጥራል።

ምርመራው እነዚህን ዓመታት ይጠቀምባቸዋል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ሴትየዋ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ አዋላጅ ነርሷ ብልትን የሚከፍት መሣሪያ አስገብታ በመብራት የማህፀን በሩን ታያለች። ቀጥላም በቀጭን ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ በሚሸት ቀጭን አሲድ ነክራ ቦታውን ትቀባለች። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ጤነኛው ሥጋ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት መቆጥቆጥ ሊኖር ይችላል፤ ሰመመን ግን አያስፈልግም፣ ውጤቱም እዚያው ይነገራል። ነጩ ቦታ ትንሽ ከሆነና ካንሰር ካላስጠረጠረ፣ ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ በሚግል መሣሪያ በዚያው ቀን ይተኮሳል። ይህም አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። ሰፊ ከሆነ ወይም የሚያጠራጥር ነገር ካለው ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ከዚህ የተሻለው የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ለዚያ የሚሆነውን ናሙና ሴቷ ራሷ ልትወስድ ትችላለች፤ ማፈር ለሚያስቀራት ሴት ትልቅ እፎይታ ነው።

ጊዜው ሲያልፍ ሕክምናው ይከብዳል። ካንሰሩ ከማህፀን በር ሳይወጣ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ዙሪያውን ከያዘ በኋላ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ከውጭ የሚሰጠው በሳምንት አምስት ቀን ለአምስት ሳምንት ገደማ ይቀጥላል፣ ከዚያ ጋር ሲስፕላቲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት በየሳምንቱ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ጨረር አመንጪው ራሱ በማህፀን በር በኩል ገብቶ ዕጢውን ከቅርብ ይመታል፤ ብራኪቴራፒ ይሉታል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ወረፋ መጠበቅ ነበረባት። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ማረፊያ መስጠታቸው ስንቱን ከመንገድ አድኗል። ዛሬ የጨረር ሕክምና ከጅማ ጀምሮ ወደ ክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እየወጣ ነው፤ ተስፋ የሚሰጥ እርምጃ ነው።

የተሻለው መንገድ ግን እዚያ አለመድረስ ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዚህን ቫይረስ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ መከተብ እንደሚበቃ ካሳወቀ በኋላ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ያካተተ ዘመቻ ተካሂዷል። ክትባቱ የገባን ቫይረስ አያስወጣም፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ልጅቱ ግንኙነት ከመጀመሯ በፊት ሲሰጥ ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ይልቅ ማህፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው።

ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ምንም ባያምሽም በቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ፤ ኤች አይ ቪ በደምሽ ካለ ደግሞ 30 ዓመት እስኪሞላሽ አትጠብቂ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ዕድሜዋ ምንም ቢሆን፣ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ባሎችም ሚስቶቻችሁን ሸኝታችሁ ውሰዱ፤ ሴት ልጆቻችሁን ደግሞ አስከትቡ።