ልቡ የቆመ ሰው ሾዋክ ላይ

ከገዳሪፍ ወደ ካሰላ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ አትባራ ወንዝ ዳር ያለችውን ሾዋክን ብዙ ሐበሻ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የምሥራቁን ሥራ የሚመራው ከዚያ ነበር። ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረውም ስሟን አያጣውም። ከጎንደር የሚወርዱት ጓንግና አንገረብ፣ ሱዳኖች ሴቲት የሚሉት ተከዜም በደጇ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የሩሜላና የቡርዳና መንታ ግድብ ደግሞ ከከተማዋ በላይ ሰፊ ሐይቅ ሠርቷል። ስለዚህ እዚያ ልብ መቆም ሲነሳ የሚታሰበው አዛውንት ብቻ አይደለም፤ ውሃ የወሰደው ጎረምሳም አለ።

ሰው ሦስት ነገር ያምታታል። ራሱን የሳተ ሰው ይተነፍሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ሥር ሲያስተኙት ይነቃል። ልቡን የሚመግበው የደም ቧንቧ የተደፈነበት ደረቱን ይዞ፣ ላብ እያጠመቀው ያወራል፤ ልቡ ገና ይመታል። ልቡ የቆመው ግን ቢጠሩትም ቢነቀንቁትም አይመልስም፤ ትንፋሽም የለውም። ሲፒአር የሚባለው፣ ደረትን መጫንና ትንፋሽ መስጠት፣ ለዚህ ለሦስተኛው ነው።

ትንፋሽ የለውም ስንል ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ልብ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰውየው አፉን ከፍቶ አልፎ አልፎ አየር ሊስብ፣ እንደማንኮራፋትም ሊል ይችላል። እኛ ጣር እንለዋለን። ጣር ከተባለ ደግሞ እጅ ይሰበሰባል፤ ከበው የቆሙት ወደ ጸሎትና ወደ ለቅሶ ይዞራሉ። ሐኪሞች የሚሉት ተቃራኒውን ነው፦ ይህ እንደ መተንፈስ አይቆጠርም፣ አንጎሉ ግን ገና አልሞተም፤ ቶሎ ተጫኑ። ደም ያልደረሰው አንጎል ከ4 ደቂቃ ገደማ ጀምሮ ይጎዳል። በእኔ ግምት ከአጫጫኑ ስልት ይልቅ ይህን ምልክት ማወቅ ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

በሽተኛው በጀርባው፣ ጠንካራ ነገር ላይ ይተኛ። አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ከሆነ (ከወንዙ ጋር አታምታቱት) መሬት ላይ ይውረድ፤ ገመዱ አብሮ ስለሚረግብ ግፊቱ ልብ ጋ አይደርስም። የአንዱ መዳፍ ግርጌ ደረቱ መሐል አጥንቱ ላይ፣ ሌላው እጅ ከላዩ፣ ክንድ ሳይታጠፍ። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በየመሐሉ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፤ ልብ በደም የሚሞላው ያኔ ነው። 30 ግፊት፣ ከዚያ 2 ትንፋሽ። የጎድን አጥንት ቀጭ ቢል እንኳ አትቁሙ። በዚያ ሙቀት ጉልበት ቶሎ ስለሚያልቅ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ።

ደረትን የመጫኑ ዘዴ የተገኘው በአጋጣሚ ነው ቢባል አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ዊልያም ኮወንሆቨንና ባልደረቦቹ ውሾች ላይ ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጠትን ይሞክሩ ነበር። ከባዱ የመሣሪያ እጀታ ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ የደም ግፊቱ ከፍ ሲል አዩ። በ1960 አሳተሙት። ከዚያ በፊት የቆመ ልብ የሚታሸው ደረት ተከፍቶ ነበር።

ከአትባራ ለወጣ ሰው ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ልቡ የቆመው አየር አጥቶ ነውና ትንፋሹ ይቀድማል፦ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ፣ አፍንጫውን ይዞ ደረቱ ከፍ እስኪል በአፍ መንፋት። ግፊቱ ይከተላል። ውሃውን ላስወጣ ብሎ ሆዱን መጨመቅ፣ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ጊዜ ከማባከኑም በላይ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ሳንባው ሊሰደው ይችላል።

የልብ ንዝረት የሚሰጠው ዲፊብሪሌተር በየአውሮፕላን ማረፊያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት አገር አለ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በጦርነት ብዙ ሆስፒታሎቿ የተዘጉባት ሱዳን ግን ከእነዚያ አይደለችም። ሾዋክ ላይ ለእርዳታ የሚጮኸው «ኢስዓፍ!» ተብሎ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ደዋዩ አንድ፣ ተጫኙ ሌላ ሰው ይሁን። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡትና መጫን ጀምሩ።