«ቀደመ» በእንግሊዝኛ፦ የጊዜ ቅድሚያን የሚገልጹ ግሦች አጠቃቀም ከድሬዳዋ ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች

በአማርኛ «ቀደመ» የሚለው ግሥ ሰፊ ሥራ ይሠራል። ሯጭ ሯጭን ይቀድማል፤ መግቢያ ሐተታን ይቀድማል፤ ሐረርም በዕድሜ ድሬዳዋን ትቀድማለች። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ ለበርካታ ግሦች አከፋፍሏል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ በመሆኑም ክፍፍሉን አለመለየት የቃላት ምርጫ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የክስተቶችን ቅደም ተከተል፣ አልፎም የሰነድን ተአማኒነት አዛብቶ ሊያቀርብ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ግሦች ከድሬዳዋና ከአካባቢዋ ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ያብራራል።

የመጀመሪያው «ፕሪሲድ» ነው። ቃሉ «ፊት» እና «መሄድ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ቀዳሚውንና ተከታዩን በአንድ መስመር ላይ አድርጎ ያሳያል። የምድር ባቡሩ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ በ1897 ግንባታው ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። እያንዳንዱ ክስተት ለሚቀጥለው መንገድ ስለጠረገ ግንኙነታቸው በ«ፕሪሲድ» በትክክል ይገለጻል። ግሡ በጊዜ ብቻ አይወሰንም፤ አንድ ምዕራፍ ሌላውን፣ ማዕረግም ስምን ሲቀድም ያገለግላል። በተደራጊ ቅርጽ ሲመጣ ደግሞ ተከታዩ ክስተት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል።

ሁለተኛው «ፕሪዴት» ነው። በውስጡ «ቀን» የሚል ቃል ስላለበት ሥራው የሁለት ነገሮችን ዕድሜ ማነጻጸር ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች የተገኙበት ሥፍራ ነው፤ የሐረሩ የጀጎል ግንብ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ሁለቱም ከባቡር ከተማዋ ይበልጣሉ፤ ይሁን እንጂ ዋሻው ለከተማዋ መመሥረት መነሻ አልሆነም። እንዲህ ባለ ቦታ «ፕሪሲድ» ቢገባ፣ ሰዋስዋዊ ስሕተት ባይሆንም፣ አንባቢው የሌለ የተከታታይነት ግንኙነት ሊያስብ ይችላል። «ፕሪዴት» ግን ከዕድሜ ልዩነት ያለፈ ነገር አይናገርም። ልዩነቱ ዛሬም ጸንቶ ያለ በመሆኑ፣ ነገሩ የጥንት ቢሆንም እንኳ ግሡ ብዙ ጊዜ በአሁን ጊዜ ይጻፋል። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነጥብ አለ፤ ይኸው ፊደል «አድኖ መብላት» የሚል ፍጹም የተለየ ትርጉም ያለው ሌላ ግሥም ነው። ስለ ጅቦችና ስለ ምግባቸው በሚጻፍ ጥናት ውስጥ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ገጽ ከተገናኙ አንባቢን ያደናግራሉ።

«አንቲዴት» ከ«ፕሪዴት» ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የቆየና ይበልጥ መደበኛ ቃና አለው። ነገር ግን ሁለተኛ ትርጉም አለው፤ በሰነድ ላይ ከተፈረመበት ዕለት የቀደመ ቀን መጻፍ ማለት ነው። ለዚህ ትርጉም ይበልጥ የተለመደው «ባክዴት» ሲሆን፣ የደመወዝ ጭማሪ ካለፈ ወር ጀምሮ እንዲታሰብ ሲወሰንም ይነገራል። ስለዚህ አንድ ውል ከሌላው በፊት መጻፉን ለመግለጽ የፈለገ የሕግ ወይም የአካውንቲንግ ተማሪ «ባክዴት»ን ቢጠቀም፣ ሳያስበው ቀኑ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተወስዷል ማለቱ ነው። ያ ደግሞ እንደ ሁኔታው የማጭበርበር ክስ ይመስላል።

በሥነ ጽሑፍ ቅኝት ክፍል አዘውትሮ የሚያጋጥመው «አንቲሲፔት» ነው። የተለመደው ትርጉሙ «መጠበቅ» ወይም «መገመት» ቢሆንም፣ አንድ ምሁር ሌላው በኋላ ያቀረበውን ሐሳብ ቀድሞ እንደደረሰበት ለመግለጽም ይውላል። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ ቀዳሚው ጸሐፊ ስለ ተከታዩ ተንብዮ ነበር ብሎ ይረዳል። «ፎርጎ» በሚል ድምፅ የሚነበቡ ሁለት ግሦችም አሉ፤ በመካከላቸው «ኢ» የተባለው ፊደል ያለበት «ፊት መሄድ»፣ ፊደሉ የሌለበት ደግሞ «መተው» ማለት ነው። የመጀመሪያው ዛሬ በአብዛኛው «ከላይ የተጠቀሰው» በሚል ቅጽላዊ አገባብ ብቻ ቀርቷል። «ፕሪሲድ» እና «ፕሮሲድ» የሚቀያየሩትም በድምፃቸው መቀራረብ ነው፤ ሁለተኛው «ወደ ፊት መቀጠል» ነው።

በአገባብ ረገድ እነዚህ ግሦች ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይወስዳሉ። አማርኛ «ከእርሱ በፊት ቀድሞ መጣ» ማለትን ይፈቅዳል፤ እንግሊዝኛው ግን በግሡ ውስጥ «በፊት» የሚለው ሐሳብ ስላለ «ከ» ወይም «በፊት» የሚል መስተዋድድ ሲጨመርበት ስሕተት ወይም ድግግሞሽ ይሆናል።

ትክክለኛውን ግሥ መምረጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚነጻጸሩት ዓመታት በአንድ የዘመን አቆጣጠር መሆን አለባቸው። የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 በአማርኛው ዓምድ 1996፣ በእንግሊዝኛው 2004 የሚል ዓመት ይዟል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አንድ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ዓመት ከአማርኛ፣ የአዋጁን ከእንግሊዝኛ ሰነድ ቢወስድ፣ 1999 ከ2004 ያንሳልና ዩኒቨርሲቲው ቻርተሩን ይቀድማል ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት፣ በቅርብ ጊዜያት የተፈጸሙ ክስተቶችን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ በቂ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ እንከን ስለማይኖርበትም ስሕተቱን አራሚ በቀላሉ አያገኘውም።

ለጸሐፊው የሚረዳው መመዘኛ ከአማርኛው ውስጥ ይገኛል። «ቀደመ» የሚለውን «ተከታዩ ይህ ነው» በሚል ሐሳብ መተካት ከተቻለ «ፕሪሲድ» ይስማማል። «በዕድሜ ይበልጣል» ማለት ከተቻለ «ፕሪዴት» ይመረጣል። «ቀኑን ወደ ኋላ ወሰደው» የሚል ከሆነ «ባክዴት» ነው፤ «ሐሳቡን ቀድሞ ደረሰበት» ከሆነ «አንቲሲፔት» ነው። ከሁሉም አስቀድሞ ግን የእያንዳንዱ ዓመት አቆጣጠር በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ሊመለከት ይገባል።