የአድብሉ መብራት ሲበራ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የሚወጣ መኪና ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ቡራዩን፣ በጎጃም መንገድ የሚወጣ ሱሉልታን ያልፋል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለሹፌር ግን ሥራቸው ያው የጥንቱ ነው፤ ረጅሙ መንገድ ሳይጀመር ጎማና ዘይት የሚታይባቸው ከተሞች ናቸው። አሁን ከጎማና ከዘይት ሌላ መታየት ያለበት ነገር መጥቷል።

የቆየው ሚኒባስና አይሱዙ አድብሉ የሚባል ነገር አያውቅም። ጉዳዩ የሚመለከተው ለአውሮፓ ገበያ ተሠርተው በልዩ ልዩ መንገድ አገር ቤት የገቡትን ዩሮ 6 የተባለውን የጭስ መስፈርት የሚያሟሉ የናፍጣ ቫኖችና የቤት መኪኖች ነው። እነዚህ መኪኖች ከናፍጣው ታንክ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ያለው ሁለተኛ ታንክ አላቸው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ አድብሉ ነው። ቀለም የለውም፤ በክብደት 32.5 በመቶው ንጹሕ ዩሪያ፣ የቀረው ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ውሃ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ፈሳሹ በኢንጀክተር አማካይነት በጋለው ማርሚታ ውስጥ ይረጫል። በሙቀቱ ወደ አሞኒያ ይለወጥና ሳንባ የሚጎዳውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ካታሊስቱ ውስጥ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ እንፋሎት ይቀይረዋል። በየመንገዱ ዳር ሕፃናት በሚውሉባቸው ከተሞች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አድብሉ የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የሱሉልታ ውርጭ አያሰጋውም። የሚያሰጋው ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት አይኤስኦ 22241 እንደሚለው ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት 18 ወር፣ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ደግሞ 12 ወር ይቆያል። ከ35 ዲግሪ በላይ የከረመ ከሆነ ሳይፈተሽ መሞላት የለበትም። በሞቃቱ ወቅት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚግለው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ጀሪካን እዚያ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደቆመ ከላዩ ላይ ካለው ቀን አይታወቅም። ስለዚህ የምርት ቀኑን ማንበብ ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ከሙቀቱ ይልቅ የምፈራው ግን በቤት ውስጥ የሚደረገውን ቅልቅል ነው። ዩሪያ ለሰበታና ለሱሉልታ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ማሳው ላይ የሚዘራው ማዳበሪያ ነው። «ያው ዩሪያ አይደል?» ብሎ በውሃ በጥብጦ መሙላት ያጓጓል። ያው አይደለም። የማዳበሪያው እንክብል እንዳይፈረካከስ ብዙ ጊዜ በፎርማልዴሃይድ ይጠነክራል፤ ባይዩሬት የተባለው ተረፈ ምርትም በመስፈርቱ ከተፈቀደው 0.3 በመቶ በላይ ሊኖረው ይችላል። ይህ በማርሚታው ሙቀት በደንብ ስለማይበተን ኢንጀክተሩንና ካታሊስቱን በጠጣር ነገር ይሞላዋል። ውሃውም እንደዚሁ ነው። መስፈርቱ በአንድ ኪሎ አድብሉ ውስጥ ካልሲየም ከግማሽ ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዛል፤ ማግኒዥየምም እንዲሁ። የታሸገ ውሃ ጠርሙስ አንሥታችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ለሰው ጤና የሚስማማው ማዕድን ለካታሊስት መርዝ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የጥራት ማስጠንቀቂያ ሲበራ መኪናው ይህን ያወቀው ከሁለት መንገድ በአንዱ ነው። አንዳንዱ ታንኩ ውስጥ ባለ ሴንሰር በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የዩሪያ መጠን በድምፅ ሞገድ ይለካል። ሌላው ፈሳሹን ጨርሶ አያየውም፤ ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ የተተከሉት ሴንሰሮች የሚነግሩትን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወዳድርና ቅነሳው ካነሰ «ፈሳሹ መጥፎ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህን ሳያውቁ በመለዋወጫ ገበያው በሶማሌ ተራ ዕቃ ሲገዙ መዋል ገንዘብ ማባከን ነው። ፈሳሹ ንጹሕ ሆኖ የሞተ ሴንሰር፣ የተደፈነ ኢንጀክተር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ የማርሚታ መጋጠሚያ ያንኑ መብራት ሊያበራው ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው የብልሽት ኮድ ፒ207ኤፍ የፈሳሹን ጥራት ይጠረጥራል፤ ፒ20ኢኢ ካታሊስቱ በሚጠበቅበት ልክ አልቀነሰም ይላል። ሁለቱም የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደሉም።

ምርመራው ከፈሳሹ ይጀመር። በንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦና በሲሪንጅ ጥቂት ከታንኩ ቅዱና በንጹሕ ብርጭቆ ወደ ብርሃን ያዙት። ውሃ መስሎ መታየት አለበት። ቢጫ ካለው፣ ዝቃጭ ካለው ወይም ላዩ ላይ የዘይት ጠብታ ከተንሳፈፈ ናፍጣ ወይም ሌላ ነገር ገብቶበታል። እንዲህ ከሆነ ቁልፉን አትክፈቱ፤ ፓምፑ ከሠራ ቆሻሻው ወደ ቱቦውና ወደ ኢንጀክተሩ ይገፋል። ክዳኑ ዙሪያ የደረቀው ነጭ ክሪስታል ግን አያስደንግጥ፤ የፈሰሰ አድብሉ ሲደርቅ የሚተወው ነው፤ በሞቀ ውሃ ይታጠባል።

ቀጥሎ ሪፍራክቶሜትር ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ባትሪ የማይፈልግ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን የባትሪ አሲድ የሚለካው ራሱ ብዙ ጊዜ የአድብሉ መስመርም አለው። መስታወቱ ላይ ሁለት ጠብታ ጣል አድርጎ፣ ክዳኑን ከድኖ ወደ ብርሃን ሲያዩት ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር 32.5 አካባቢ ማረፍ አለበት፤ መስፈርቱ የሚፈቅደው ከ31.8 እስከ 33.2 ነው። 25 ካሳየ ውሃ ተጨምሮበታል። ልብ በሉ፤ መሣሪያው የሚናገረው መጠኑን ብቻ ነው። በልክ የተበጠበጠ የማዳበሪያ ዩሪያም 32.5 ያሳያል፤ ስለዚህ ከየት እንደተገዛ መጠየቅ የግድ ነው።

ፈሳሹ መጥፎ ከሆነ ታንኩ ተራግፎና ታጥቦ በአዲስ ይሞላ፤ በመጥፎው ላይ ጥቂት ሊትር መጨመር አያድነውም። ከዚያም በኋላ መብራቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። መኪናው ራሱን እስኪፈትሽ የተወሰነ መንገድ መሄድ፣ አንዳንዴም በኮምፒውተር መስተካከል አለበት።

ብዙዎቹ መኪኖች ከማስጠንቀቂያው ጋር ቀሪ ኪሎ ሜትር ይቆጥራሉ፤ መነሻው እንደ መኪናው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከ1,000 ብዙም አይርቅም። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን እየሄደ ያለው ሞተር አይቆምም፤ አንዴ ከጠፋ ግን ዳግመኛ አይነሣም። ከሱሉልታ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ላይ መብራቱን አይቶ «ስመለስ አሳያለሁ» ያለ ሹፌር ዓባይ በረሃ ውስጥ ሞተሩን ለማጥፋት ሊፈራ ነው።

የአድብሉን ሥርዓት በሶፍትዌር ዘግቶ መገላገልን መፍትሔ የሚያደርጉ አሉ። ፎልክስቫገን በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ፊት የተዋረደው የጭስ ማጽጃውን በፍተሻ ጊዜ ብቻ በደንብ የሚያሠራ ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖች ላይ በመጫኑ ነው። እዚህ የሚደረገው ደግሞ በፍተሻም ያለ ፍተሻም መዝጋት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ አገር ውስጥ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ጭሳቸውም አብሯቸው ይኖራል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጋራዥ ያላችሁ፣ ሪፍራክቶሜትር ከአንድ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰር እጅግ ይረክሳል። ገዝታችሁ ከመፍቻው ጎን አስቀምጡት፤ ዕቃ ይቀየር ከማለታችሁ በፊት ባለመኪናው በገዛ ዓይኑ ይይበት።