ምንጣፉ ሥር የተደበቀው ወለል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ የጡብ ቤቶች ሞልተዋል። በዚያ ዘመን የሳሎንና የመኝታ ክፍል ወለል በአብዛኛው የኦክ ጣውላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ማንጠፍ ተወደደና የብዙ ቤት ጣውላ ተሸፈነ። በእነዚህ ሰፈሮች ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ኢትዮጵያውያን ለመሸጥ ሲነሡ፣ አዲስ ወለል ከመግዛታቸው በፊት ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ሥሩን ማየት ይኖርባቸዋል። እዚያ የተኛው እንጨት ከሱቅ ከሚገዛው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚሉት እንጨት ወዳዶች ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የቤት እድሳት ሪፖርት፣ ያረጀ የእንጨት ወለል አልጎ ማሳደስ 3,400 ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣና በሽያጭ ጊዜ 5,000 ዶላር እንደሚመልስ ገምቷል። ይህም የወጪው 147 በመቶ ነው። አዲስ የእንጨት ወለል ማስገባት በበኩሉ 5,500 ዶላር ወጥቶበት 6,500 ይመልሳል፤ 118 በመቶ መሆኑ ነው። በቤት ውስጥ ሥራዎች ዝርዝር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እነዚህ ናቸው። አኃዙ የመላ አገሪቱ ግምት ስለሆነ እንደ ሰፈሩና እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ ይላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ያለውን ማደስ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ይመልሳል።

ሌላውን እድሳት ብናይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የእድሳት ወጪንና የሽያጭ ዋጋን በየዓመቱ የሚያነጻጽረው የሪሞዴሊንግ መጽሔት ዘገባ በ2024 እንዳሰፈረው፣ መለስተኛ የኩሽና እድሳት ከወጪው 96 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ኩሽናውን አፍርሶ በውድ ዕቃ እንደ አዲስ መሥራት የመለሰው 38 በመቶ ብቻ ነው። ገዢ ለሌላ ሰው ምርጫ ብዙ አይከፍልም። የሻጩ ውድ እምነ በረድ ለገዢው የማይወደው ቀለም ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የእንጨት ወለል ግን ከየትኛውም የቤት ዕቃና የግድግዳ ቀለም ጋር ይስማማል፤ ለሽያጭ በሚነሣው በየክፍሉ ፎቶግራፍም ላይ ይታያል።

ታዲያ ሥሩ ያለው ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ቀላሉ መንገድ የማሞቂያው አየር የሚወጣበትን የወለል ፍርግርግ አንሥቶ በቀዳዳው ጠርዝ በኩል የወለሉን ውፍረት ማየት ነው። አለበለዚያ ክሎዜት ውስጥ የምንጣፉን ጥግ በፒንሳ ይዞ ቀስ አድርጎ መግለጥ ይቻላል። ባለ 19 ሚሊሜትር ወጥ የኦክ ጣውላ ከሆነ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሊላግ ይችላል። በስሱ ተለብጦ የተሠራው ኢንጂነርድ የሚባለው ወለል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አይላግም፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይላግም።

ምንጣፉ ሲነሣ ዳር ዳሩን ሚስማር ያለባቸው ቀጫጭን እንጨቶችና ብዙ የስቴፕል ሽቦ ይቀራሉ። አንድ በአንድ ተነቅለው ቀዳዳቸው መደፈን አለበት። ከዚያ ባለሙያው በማሽን ይልጋል፤ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ለስላሳው ይሄዳል። ደረጃ የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ነው። የውሻ ወይም የድመት ሽንት ያጠቆረው ቦታ ብዙውን ጊዜ በመላግ አይለቅም፤ ጣውላው ይቀየራል፣ ወይም መላው ወለል ጠቆር ያለ ቀለም ይሰጠዋል።

የቫርኒሹም ዓይነት ምርጫ ይጠይቃል። በዘይት የተሠራው ፖሊዩሬቴን እንጨቱን ወርቅማ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሽታው ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ቅብም ለመድረቅ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። በውሃ የተሠራው በጥቂት ሰዓታት ይደርቃል፣ የእንጨቱንም መልክ ብዙ አይለውጥም። ቤቱን በራሱ እጅ የሚያድስ ሰው አንድ አደጋ ማወቅ አለበት፦ የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ መድረቅ፣ አለበለዚያ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውሃ ውስጥ መነከር አለበት።

ሁሉም ምንጣፍ ግን ኦክ አይደብቅም። በተለይ ቤዝመንት ውስጥ ሥሩ ሲሚንቶ ወይም አሮጌ ታይል ነው። ከ1980ዎቹ በፊት የተነጠፉ ታይሎች፣ በተለይ በየጎናቸው 23 ሴንቲሜትር የሆኑት፣ እንዲሁም የተጣበቁበት ጥቁር ማስቲሽ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። አስቤስቶስ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ታይሉ ካልተሰበረና ካልተፋቀ ግን አቧራ አያወጣም። ስለዚህ በላቦራቶሪ ሳይመረመር መፋቅ አይገባም፤ ደህና ከሆነ ሳይነካ በላዩ ላይ ተገጣጣሚ ቪኒል መዘርጋት የተለመደ መፍትሔ ነው። ቪኒል ውሃ ስለማይፈራ ለቤዝመንት ይመቻል። እርጥበት የሚያሳብጠው ላሚኔት ግን ለዚያ ቦታ አይሆንም። ሌላው የአሮጌ ቤት አደጋ የእርሳስ ቀለም ነው፤ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ሻጩ ስለዚህ ቀለም የሚያውቀውን ለገዢው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል።

በኢትዮጵያውያን ቤት ምንጣፍን ማንሣት ተጨማሪ ጥቅም አለው። ለዓመታት ቡና የተፈላበት፣ ዕጣን የጨሰበት፣ ወጥ የተቁላላበት ቤት ሽታውን በምንጣፍና በመጋረጃ ውስጥ ያከማቻል። ነዋሪው ስለለመደው አይሸተውም፤ ቤት ሊያይ የመጣ እንግዳ ግን ከደጅ ይሸተዋል። ምንጣፉ ወጥቶ መጋረጃው ከታጠበና ግድግዳው አዲስ ቀለም ከተቀባ ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል።

የግብሩም ጉዳይ አይዘነጋም። ከሽያጩ በፊት ካሉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሁለቱን የቤቱ ባለቤት ሆኖ የኖረበት ሰው ከሽያጩ ካገኘው ትርፍ እስከ 250,000 ዶላር፣ ግብር በጋራ የሚያሳውቁ ባልና ሚስት ደግሞ እስከ 500,000 ዶላር የፌዴራል ግብር አይከፍሉበትም። በ1990ዎቹ በርካሽ ገዝተው ዛሬ በውድ የሚሸጡ ሰዎች ከዚህ ጣሪያ ሊያልፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ለአዲስ ወለል የወጣ ገንዘብ በቤቱ የመግዣ ዋጋ ላይ ተደምሮ ትርፉን ይቀንሳል፤ ተራ ጥገና ግን አይደመርም። ቀድሞ ተነጥፎ በኋላ የተነሣ ምንጣፍም አይቆጠርም። ስለዚህ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፤ የሒሳብ ባለሙያም ይጠየቅ።

ሥራው ሲሰጥ ተቋራጩ ፈቃድ እንዳለው ይጣራ። በሜሪላንድ የቤት እድሳት ተቋራጭ ከግዛቲቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበልም አይፈቀድለትም። ከዚያ በፊት ግን ከሪልተር ጋር ተቀምጦ በዚያው ጎዳና በቅርቡ የተሸጡ ሦስት አራት ቤቶች ምን ዓይነት ወለል እንደነበራቸውና በስንት እንደሄዱ ማየት ያስፈልጋል። የጎረቤቶቹ ኦክ ታድሶ ከተሸጠ፣ ምንጣፍ ያለው ቤት በፎቶግራፍ ከእነርሱ ጋር ይወዳደራል። ሰፈሩ ቤት እየፈረሰ አዲስ የሚሠራበት ከሆነ ግን ገዢው የሚከፍለው ለመሬቱ ነውና ለወለል የወጣው ገንዘብ አይመለስም።