ካቫሊየር፦ ከዓይኑ በፊት ልቡን ጠይቁ

ቲክቶክ ወይም ኢንስታግራም ላይ የውሻ ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ይህን ውሻ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሐር የመሰለ ጸጉር የለበሱ ረጃጅም ጆሮዎች፣ ትልልቅ ክብ ዓይኖች፣ የሰው ጭን ላይ ተኝቶ ቀና ብሎ የሚያይ ፊት። ሙሉ ስሙ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ነው። እኛ ባጭሩ ካቫሊየር እንበለው።

«ሲያምር!» ብሎ ላይክ ማድረግ ቀላል ነው። ቤት ማምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህ ውሻ ውበት ሁሉ ከላይ ይታያል፤ የሚያሳስበው ነገር ያለው ግን ውስጡ ነው።

ስፓንየሎች በመነሻቸው የአደን ውሾች ናቸው፤ ሥራቸው ከቁጥቋጦ ውስጥ ወፍ ማስነሳት ነበር። ትንንሾቹ ግን ቤተ መንግሥት ገቡ። ከ1660 እስከ 1685 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን የገዛው ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ እነዚህን ውሾች አብዝቶ ይወድ ስለነበር ስሙ ቀረላቸው። ከጊዜ በኋላ ጠፍጣፋ ፊት ካላቸው ውሾች ጋር ተዳቀሉና አፍንጫቸው አጠረ። በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ በድሮ ሥዕሎች ላይ የሚታየውን ባለ ረጅም አፍንጫ ውሻ እንግሊዝ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ስለዚህ ክራፍትስ በተባለው ታዋቂ የውሾች ውድድር ላይ የድሮውን መልክ ይዞ ለሚቀርብ ውሻ 25 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። የዝርያው ክለብ በ1928 ተቋቋመ፤ በ1945 ደግሞ የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ካቫሊየርን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ተቀበለው።

ዝርያው ግን የተመሠረተው በጥቂት ውሾች ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ቁጥራቸውን ይበልጥ አመነመነው። በመሆኑም የዛሬዎቹ ካቫሊየሮች በቅርብ የሚዛመዱ ናቸው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምን ዓይነት ውሻ ነው?

ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም፣ ቁመቱ እስከ ትከሻው 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አራት ዓይነት ቀለም አለው፦ ነጭና ቀይ ቡኒ፣ ጥቁር ነጭና ቡኒ የተቀላቀለበት፣ ሙሉ ቀይ፣ እንዲሁም ጥቁር ሆኖ ቡኒ ምልክት ያለው።

ጠባዩ የዋህ ነው። ከሕፃን፣ ከአዛውንት፣ ከሌላ ውሻም ጋር ይስማማል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ግን ለእሱ ብዙም አይሠራም። ሌባ ቢመጣ ጅራቱን እየቆላ ሊቀበለው ይችላል! ጊቢ የሚጠብቅ ውሻ ከፈለጋችሁ ይሄ አይደለም። ውጭ ታስሮ የሚያድርም አይደለም፤ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር መኖር አለበት። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲሆን ይጨነቃል። የአደን ደሙም አልጠፋም፤ ወፍ ካየ መኪና አያይም። መንገድ ላይ ያለ ማሰሪያ አትልቀቁት።

ውስጡ ያለው ችግር

አንደኛው ልቡ ነው። ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ እያረጀ በደንብ መግጠም ያቅተውና ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንኛውም ትንሽ ውሻ ሲያረጅ ሊያጋጥመው ይችላል፤ ካቫሊየርን ግን ገና በወጣትነቱ ይይዘዋል። 5 ዓመት ከሞላቸው ግማሽ ያህሉ፣ 10 ዓመት ከደረሱት ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ምልክቱ ይታይባቸዋል።

ሁለተኛው የራስ ቅሉ ነው። ለአንጎሉ የሚበቃ ቦታ የለውም። አንጎሉ ከኋላ በኩል ሲጨናነቅ የፈሳሹ ዝውውር ይታወካል፤ በአከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ ላይም በፈሳሽ የተሞላ ክፍተት ይፈጠራል። በሽታው ያማል። ውሻው እየሄደ አንገቱ አካባቢ አየሩን የሚያክ ከሆነ ወይም ሲያነሱት ከጮኸ ቁንጫ ነው ብላችሁ አትለፉት። በስልካችሁ ቅረጹትና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። በጥር 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት በኖርዌይ ካቫሊየርን ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ይህንኑ አጸና። ውሳኔው ቤቱ ካቫሊየር ያለውን ሰው አይነካም፤ ጥያቄው የታመመ ዘር እየተካ መቀጠል አለበት ወይ የሚል ነው።

ሊገዛ ያሰበ ሰው ምን ይጠይቅ?

ቀለሙንና ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የወላጆቹን ልብ ጠይቁ። የእንስሳት ልብ ሐኪሞች የሚመክሩት እናትም አባትም ቢያንስ 2 ዓመት ተኩል ሆኗቸው፣ ልባቸው ተመርምሮ ጤነኛ ሲሆን ብቻ እንዲዳቀሉ ነው። አያቶቹም 5 ዓመት እስኪሞላቸው ልባቸው ንጹሕ የነበረ መሆን አለበት። ሻጩ ወረቀት ካላሳየ፣ ወይም ቡችላውን ከእናቱ ጋር ሊያሳያችሁ ካልፈለገ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ቤት ከገባ በኋላስ?

- ትንፋሹን ቁጠሩ። ተኝቶ ሳለ የስልካችሁን ሰዓት ለ30 ሰከንድ ሙሉና ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዳለ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነና እንደዚያው ከቀጠለ ወደ ሐኪም ሂዱ።
- በየዓመቱ ልቡን አስመርምሩ። ልቡ መስፋት ከጀመረ ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት የልብ ድካሙን በአማካይ በ15 ወር ገደማ እንደሚያዘገይ በ2016 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። በጊዜ ማወቅ ዋጋ አለው።
- አታወፍሩት። ለምግብ ያለው ፍቅር ልክ የለውም፤ ዓይኑን አይታችሁ ባዘናችሁ ቁጥር ከሰጣችሁት ልቡ ላይ ሸክም ትጨምራላችሁ።
- የወጥ ትርፍራፊ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። ቸኮሌት፣ ዘቢብና የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ክልክል ናቸው።
- በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ አበጥሩት። ከጆሮው ሥርና ከብብቱ ጀምሩ፤ ጸጉሩ ቶሎ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ጆሮው አየር ስለማያገኝ ውስጡን እያያችሁ አጽዱ።
- አንገቱን አታስጨንቁ። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ተጠቀሙ።
- ክትባት። ከቤት አይወጣም ተብሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይዘለልም።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ «ይከብደኛል» ካላችሁ ምንም ነውር የለውም፤ ቪዲዮውን ማየት በነጻ ነው። እሺ ያላችሁ ደግሞ ከማንም በላይ የሚወዳችሁ ጓደኛ ታገኛላችሁ። እሱ ሕመሙን መናገር ስለማይችል፣ ትንፋሹን የሚቆጥርለት ሰው ግን ያስፈልገዋል።